የብረት ገመድ ከመበጠሱ በፊት ያስጠነቅቃል?

በሸለቆ ላይ የተዘረጋ የእግረኛ ድልድይ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በየአቅጣጫው የተወጠረ የስልክ ማማ፣ ፌሮ የሚያወጣ ክሬን፣ ከተራራ ተራራ ሰው የሚያመላልስ ኬብል ካር፣ የመርከብ ምሰሶ፤ እነዚህን ሁሉ የያዛቸው አንድ ነገር ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠማዘው ጉንጉን፣ ጉንጉኖቹ ደግሞ ተገምደው የሚወጡት የብረት ገመድ፣ መካኒኮቻችን ካቮ የሚሉት ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ቢውል ኖሮ ስለ እርሱ ብዙ ክርክር ባልተነሣ ነበር። ዝናብና ጤዛ፣ አቧራና የባሕር ጨው፣ የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድ ሲፈራረቁበት ግን ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ገመዱ ሊበጠስ ሲል አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል ወይስ አይሰጥም?

በመልሱ ላይ ብዙ ውሳኔ ተመሥርቷል። ይሰጣል ካልን ሥራችን የሠለጠነ ዓይን ያለው ሰው መመደብ ነው። አይሰጥም ካልን ደግሞ ወይ ገመዱን ከሚያስፈልገው በላይ ማወፈር፣ ወይ ገና ደህና ሳለ አውጥቶ መጣል፣ ወይ ውስጡን የሚያይ መሣሪያ መግዛት ይኖርብናል። ሦስቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ድልድይ ሠርቶ ለገጠር ነዋሪ አስረክቦ ለሚሄድ ወገን ሦስቱም ይከብዳሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሰንሰለት ወደ ገመድ

የብረት ገመድ የተወለደው ማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን የሐርዝ ተራሮች የማዕድን ጉድጓዶች እየጠለቁ ሲሄዱ የቃጫው ገመድ እየበሰበሰ አስቸገረ፤ በእርሱ ፋንታ የገባው የብረት ሰንሰለት ደግሞ ድንገት ይበጠስ ነበር። የክላውስታል የማዕድን ሹም የነበረው ዊልሄልም አልበርት በ1829 ሰንሰለት ላይ ጭነት እየጫነና እያነሣ ደጋግሞ ፈተነ። ያገኘው ነገር ለዘመኑ እንግዳ ነበር፤ ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ቢጫንበት በቀላሉ የሚችለው ክብደት አያሌ ጊዜ ሲደጋገምበት ይሰብረዋል። ዛሬ የብረት ድካም የምንለው ነገር በሙከራ መመዝገብ የጀመረው ከዚህ ነው።

በ1834 አልበርት ካሮሊን በተባለው ጉድጓድ አዲስ ነገር አስገባ። እያንዳንዳቸው 3.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ አራት ሽቦዎችን አጠማዞ ጉንጉን፣ ሦስት ጉንጉን ገምዶ አንድ ገመድ አደረገ። ለአዲሱ ገመድ የሚቀርበው ሙግት ግልጽ ነው። ሰንሰለት ከመቶ ቀለበቶቹ አንዱ ከተሰበረ የያዘውን ሁሉ ይጥላል። ገመድ ግን አንድ ሽቦው ቢሰበር የቀሩት ሸክሙን ይካፈሉታል፤ የተሰበረውም ቢሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ተጠማዞ ስለሚፋተግ ከስብራቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ድርሻውን መልሶ ይይዛል። ስለዚህ ጉዳቱ ከአደጋው ቀድሞ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ልዩነት አለ። የማዕድን ማውጫ ገመድ በየቀኑ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ይጠቀለላል፣ በሠራተኛው ፊት ያልፋል፤ ሙግቱም የተነሣው እንዲህ ስላለው የሚንቀሳቀስ ገመድ ነው። በዚያው ዘመን ግን ሽቦ ወደ ሌላ ሥራም ገብቶ ነበር። ስዊዛዊው ጊዮም ዱፉርና ፈረንሳዊው ማርክ ሴጋን በ1823 ጄኔቭ ላይ፣ ሴጋን ከወንድሞቹ ጋር በ1825 በሮን ወንዝ ላይ ቱርኖን አጠገብ በሽቦ የተንጠለጠሉ ድልድዮች ሠርተዋል። የእነዚህ ድልድዮች ሽቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረው የታሰሩ እንጂ የተገመዱ አልነበሩም፤ ከቦታቸውም ንቅንቅ አይሉም። ጆን ሮብሊንግ በ1841 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተገመደውን ገመድ መሥራት ሲጀምር፣ በኋላም በተደረደረ ሽቦ ታላላቅ ድልድዮችን ሲያንጠለጥል፣ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ። ገመድ አስጠንቅቆ ነው የሚበጠሰው የሚለው እምነት ከሚንቀሳቀሰው ወደ ቆመው ሳይመረመር የተሻገረው በእነዚህ ዓመታት ይመስለኛል።

የሚንቀሳቀስና የቆመ

ሁለቱን ገመዶች የሚገድላቸው ነገር ለየቅል ነው። በክሬን፣ በዊንችና በኬብል ካር የሚንቀሳቀሰው ገመድ በመዘውር ላይ ሲታጠፍና ሲቃና ይደክማል። መዘውሩ ከገመዱ ውፍረት አንጻር ባነሰ ቁጥር ድካሙ ይፈጥናል። በአብዛኛው ቀድመው የሚሰበሩት ከመዘውሩ ጋር የሚፋተጉት የውጭ ሽቦዎች ስለሆኑ ይታያሉ። ለክሬን ገመዶች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 4309 የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የገመዱን ውፍረት ስድስት እጥፍና ሠላሳ እጥፍ በሚሆን ርዝመት ውስጥ ስንት የተሰበረ ሽቦ ከተቆጠረ ገመዱ እንደሚጣል ይወስናል። መቅጠኑን፣ ዝገቱንና የቅርጹን መበላሸትም አብሮ ይመዝናል። መዘውሩ የፕላስቲክ ከሆነ ግን ውጩ ደህና መስሎ ውስጡ ቀድሞ ሊሰባበር ስለሚችል በቆጠራ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ምርመራው ራሱ እንዲህ ይካሄዳል። ሠራተኛው ገመዱን ከቆሸሸ ግራሶ ያጸዳና ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ይጠቀልልበታል፤ ከዚያ ገመዱን ቀስ እያለ በጨርቁ ውስጥ ያሳልፋል። የተሰበረ ሽቦ ካለ ጫፉ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጅ አይሞከርም፤ መዳፍ ይቀድዳል። ቀጥሎ ውፍረቱን በካሊፐር ይለካል፤ የካሊፐሩ ጥርሶች ማረፍ ያለባቸው በጉንጉኖቹ አናት ላይ ነው። በጉንጉኖቹ መካከል ባለው ስርጉድ ላይ ያሳረፈ ሰው ያላለቀውን ገመድ አለቀ ይለዋል። ውፍረቱ በአንድ ቦታ ብቻ ወረድ ብሎ ከተገኘ ከዚያ ስር ያለው የገመዱ ልብ ተጎድቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

የድልድይ ዋና ገመድና የማማ መወጠሪያ ግን አይተጣጠፉም። ጠላታቸው ዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ ከላይ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ብቻ አይመጣም። ልቡ የቃጫ የሆነ ገመድ ከፋብሪካ ሲወጣ ልቡ በዘይት የተነከረ ነው፤ ዘይቱ በዓመታት ሲደርቅ ያው ቃጫ ውኃ ይይዛል። ከላዩ የሚያብረቀርቅ ገመድ ከውስጡ ሊበላ የሚችለው በዚህ ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነው ለዓይን ያምራል፤ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ግን የገባው ውኃ መውጫ አያገኝም፣ ዝገቱንም የሚያይ የለም። ዚንክ የተቀባው ሽቦ ዕድሜው ይረዝማል፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ስለሚያስበላ ነው። ስቴንለስ ስቲል በባሕር ዳር እንደሚታሰበው የማይበገር አይደለም፤ ጨው በሽቦዎቹ መካከል ሲከማች ነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። የጀልባ ምሰሶ ገመድ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ይቀየር የሚለው የመርከበኞች ልማድ ይህን ፍራቻ ያዘለ ነው።

የተደበቀው ዝገትና የትርፍ ጉልበት መልስ

አፕሪል 16 ቀን 1850 ፈረንሳይ ውስጥ በአንዤ ከተማ የባስ ሼን ድልድይ የወታደር ሻለቃ እየተሻገረበት፣ ኃይለኛ ነፋስም እያወዛወዘው ሳለ ተደረመሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ጊዜ የሚወሳው የወታደሮቹ እርምጃና ነፋሱ ነው፤ እነርሱም ድርሻ ነበራቸው። ለጥያቄያችን የሚበልጠው ግን ከመሬት በታች የተገኘው ነገር ነው። ገመዶቹ በሚታሰሩበት ስፍራ ከዝገት ይጠብቃቸዋል ተብሎ በኖራ ተደፍነው ነበር። ኖራው ከሽቦዎቹ ጋር ሳይጣበቅ ቀረ፤ ውኃ በመካከል ገባ፤ የተደፈነ ነገር ደግሞ አይታይም። ድልድዩ ከተከፈተ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ፈረንሳይ ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ከተንጠልጣይ ድልድይ ሥራ ራቀች።

ለዚህ ፍራቻ ሌላ መልስ የመጣው ከኒውዮርክ ነው። የብሩክሊን ድልድይ በሚሠራበት ጊዜ፣ በ1878፣ ሽቦ አቅራቢው ሎይድ ሄይግ በፍተሻ የወደቀ ሽቦ እያቀያየረ ሲያስገባ እንደቆየ ታወቀ። የተዘረጋውን መልሶ ማውጣት አይቻልም ነበር። መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ስሌቱን አወጣ፤ ገመዶቹ የታቀዱት ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ጉልበት እንዲኖራቸው ስለነበር መጥፎው ሽቦ ተቀላቅሎባቸውም ብዙ ትርፍ ይቀራቸዋል። በእያንዳንዱ ዋና ገመድ ላይ 150 ያህል ሽቦ አስጨምሮ ቀጠለ። ድልድዩ በ1883 ተከፈተ፤ ዛሬም ሰው ይሻገርበታል።

ከዚህ የተነሣ ሁለተኛ ወገን ተፈጠረ። ምልክት ቢሰጥም ባይሰጥም ግድ የለም፣ ትርፉ በቂ ከሆነ የማናየውም ዝገት አይጎዳንም የሚል ነው። ዛሬም ድረስ ዕቃ ማንሻ ማሰሪያዎች በአምስት እጥፍ፣ የሰው ሊፍት ገመዶች አሥርና ከዚያ በሚበልጥ እጥፍ የሚሰሉት በዚህ አስተሳሰብ ነው። ሙግቱን ያናጋው በስኮትላንድ በ1964 የተከፈተው የፎርዝ የመኪና ድልድይ ነው። በ2004 ዋና ገመዶቹን የሸፈነው ጥቅል ተፈትቶ ውስጣቸው ሲታይ ከጉልበታቸው ከ8 እስከ 10 በመቶ እንደጠፋ ተገመተ። ይህ የሆነው ሽቦው ዚንክ ተቀብቶ፣ መከላከያ ቅባት ተለቅልቆ፣ በሌላ ሽቦ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ቀለም ተደርቦበት እያለ ነው። ከዚያ በኋላ የተወሰደው መፍትሔ ጃፓኖች በ1998 በተከፈተው የአካሺ ካይክዮ ድልድይ ላይ ከሥራው ጀምረው የተጠቀሙበት ነው፤ የደረቀ አየር በገመዱ ውስጥ ያለማቋረጥ ይነፋል። ትርፍ ጉልበት ጊዜ ይሰጣል፤ ከትርፉ ስንቱ እንደቀረ ግን ራሱ አይናገርም። በእኔ አስተያየት የፎርዝ ትምህርት ይህ ነው፤ ትርፉን ያበዛ ሰው ከመመርመር አልዳነም፣ ቀጠሮውን ብቻ አራዘመ።

አደጋው የሚጀምረው ከጫፍ ነው

እስካሁን ስለ ገመዱ አካል ነው የተነጋገርነው። የቅርብ ዓመታቱ አደጋዎች ግን ደጋግመው የሚያሳዩት ገመዱ ከሌላ ነገር ጋር የሚያያዝበትን ጫፍ ነው።

ፖርቶ ሪኮ ውስጥ የነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ 900 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድረክ በአየር ላይ የያዘው በብረት ገመዶች ነበር። ኦገስት 10 ቀን 2020 አንዱ ረዳት ገመድ አልተበጠሰም፤ ከጫፉ መያዣ ሾልኮ ወጣ። በዚህ ዓይነት መያዣ፣ ሶኬት በሚባለው፣ የገመዱ ጫፍ ሽቦ በሽቦ ተበትኖ ሾጣጣ የብረት ቤት ውስጥ ይገባና የቀለጠ ዚንክ ይፈስበታል። ኖቬምበር 6 አንድ ዋና ገመድ ተበጠሰ፤ በዚያን ጊዜ የተሸከመው ሊበጥሰው ከሚገባው ኃይል 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዲሴምበር 1 ሁሉም ወረደ። ረዳቶቹ ገመዶች በ1990ዎቹ የተጨመሩ፣ ዋናዎቹ የ1963 ነበሩ፤ መጀመሪያ የከዳው ወጣቱ ነው።

በ2024 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች ሪፖርት ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ገመድ ከሶኬቱ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጥቶ ታይቷል፤ ምልክቱ ነበረ ማለት ነው፣ ያዩት ሰዎች ግን ምን ያህሉ አስጊ እንደሆነ የሚነግር መስፈርት አልነበራቸውም። ሁለተኛው አሁንም ክርክር ያለበት ነው። ዚንክ በማያቋርጥ ጭነት ስር ቀስ በቀስ እንደሚሳብ ድሮም ይታወቃል፤ በዚህ ፍጥነት መሳቡ ግን እንግዳ ሆነ። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ኮሚቴ የቴሌስኮፑ ኃይለኛ ማሠራጫዎች በገመዱ ውስጥ የፈጠሩት ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት መሳቡን አፍጥኖት ይሆናል የሚል መላምት አቀረበ፤ በሙከራ ገና አልተረጋገጠም። ከዚያ ቀድመው የመረመሩ መሐንዲሶች ትኩረታቸው በሶኬቱ ንድፍና ለዘመናት ባልተቋረጠው ከባድ ጭነት ላይ ነበር። የገመዶቹ ትርፍ ጉልበት ከሁለት እጥፍ እምብዛም የማያልፍ ስለነበር ሁለቱም ማብራሪያዎች ቦታ ያገኛሉ።

ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በሞታሮኔ ተራራ ሜይ 23 ቀን 2021 የኬብል ካር ጎታች ገመድ ተበጥሶ 14 ሰዎች ሞቱ። የተበጠሰው ከሠረገላው ጋር በሚያያዝበት ጫፍ አጠገብ ሲሆን ከሽቦዎቹ አብዛኞቹ ቀድመው የዛጉ ነበሩ። ጎታቹ ሲበጠስ ሠረገላውን መያዝ የነበረበት የአደጋ ጊዜ ፍሬን ደግሞ ደጋግሞ እየያዘ ስላስቸገረ ሆን ተብሎ ታግዶ ነበር።

ከሁሉም ጎልቶ የሚናገረው የሊዝበን ጉዳይ ነው። ሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 ግሎሪያ በተባለው ዳገት ላይ ሁለት የከተማ ሠረገላዎችን የሚያያይዘው ገመድ ከአንዱ ሠረገላ ጋር ከሚታሰርበት ቦታ ለቀቀ፤ 16 ሰዎች ሞቱ። የዚያን ቀን ጠዋት የዕለቱ ፍተሻ ተደርጎ ነበር፤ ምንም አልተገኘም። መርማሪው መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው ያ ቦታ ዕቃው ካልተፈታ በዓይን አይታይም።

የገመድ አምራቾች ለጫፍ አያያዞች የሚሰጡትን ደረጃ ከእነዚህ አደጋዎች አጠገብ አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። ዚንክ የፈሰሰበት ሶኬት የገመዱን ጉልበት 100 በመቶ እንደሚይዝ ይነገራል። ገመዱ ታጥፎ በክላምፕ፣ ማለትም በዩ ቅርጽ ብሎንና በሁለት ዳዶ ሲታሰር ደግሞ 80 በመቶ ገደማ። በወረቀት ላይ ሶኬቱ ያሸንፋል። ነገር ግን በሶኬቱ ውስጥ የሚሆነውን ማንም አያይም፤ ክላምፑን አንድ ሰው በዓይኑ አይቶ በመፍቻ ነክቶ ያውቀዋል። የመጨረሻዋን 20 በመቶ ለማትረፍ ስንል መታየትን እንሸጣለን። ብዙ መሐንዲሶች ይህን ሚዛን በዚህ መንገድ አያስቀምጡትም፤ ሶኬት በትክክል ከተሞላና በደረጃው ከተጫነ ለዘመናት እንደሚያገለግል፣ ክላምፕ ግን በሰው ስንፍና እንደሚላላ ይከራከራሉ። ክርክራቸው እውነት አለው። እኔ የምለው ምርጫው ማን ይጠብቀዋል ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ሊወሰን አይገባም ነው።

ዕድሜ ወይስ ሁኔታ?

መቼ ይጣል በሚለው ላይ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ ቀን ይቆረጥለት ይላል፤ ሌላው ሁኔታው እየታየ ይወሰን ይላል። ቀን የሚቆርጠው ወገን የሚመካው በቀላልነቱ ነው፤ ባለሙያ ባይኖርም መዝገብ ይበቃል። የሊዝበኑ ገመድ ግን የተቆረጠለት 600 ቀን ሲሆን አደጋው የደረሰው በ337ኛው ቀን ነው። ቀኑ የተቆረጠው ለገመዱ ነበር፤ የከዳው አያያዙ ነው።

በሁኔታው ይወሰን የሚለው ወገን ትልቁ መሣሪያ ማግኔት ነው። ገመዱ በማግኔት መሣሪያ ውስጥ ሲያልፍ የጠፋው ብረት መጠንና በውስጡ ያለው ስብራት ይመዘገባል። ለማዕድን ማውጫ ገመዶች ከመቶ ዓመት በፊት የተጀመረ ዘዴ ነው፤ በኬብል ካሮች ላይም በየጊዜው ይሠራበታል። ድክመቱ የት ላይ እንደሆነ ግን መገመት አያዳግትም፤ መሣሪያው ሶኬቱ ድረስ መጠጋት አይችልም። ከሁሉ ይበልጥ መታየት ያለበት አንድ ክንድ ያህል ገመድ ሳይለካ ይቀራል።

የሕንዱ የሞርቢ ድልድይ ለሁለቱም ጎራ መራራ ማስረጃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ይህ የእግረኛ ድልድይ ታድሶ በተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2022፣ አንዱ ዋና ገመዱ ተበጥሶ ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ገመዱ ከነበሩት 49 ሽቦዎች 22ቱ አስቀድሞ ዝገው እንደነበር አገኙ። በእድሳቱ የእንጨቱ ወለል ወጥቶ ከበድ ያለ የአሉሚኒየም ወለል ገብቷል፤ ገመዱ ግን አልተቀየረም። ዕድሜውም ሁኔታውም ጮኾ የሚናገር ገመድ ነበር። ሕዝቡ ያየው አዲሱን ወለል ነው።

ብረቱን በሰው ሠራሽ ገመድ መተካት ጥያቄውን ይዘጋል የሚሉም አሉ። በመኪና ዊንችና በመርከብ ማሰሪያ ላይ መተካቱ እየሰፋ ነው፤ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ሲበጠስም እንደ ብረቱ በኃይል ተመልሶ ሰው አይመታም። ፀሐይና ስለታም ድንጋይ ግን ይጎዱታል፤ ውስጡን ለማወቅም ማግኔት አያገለግልም። ለዓመታት ከነጭነቱ ለሚቆም ድልድይ ብረትን የሚያስለቅቅ ሆኖ አልተገኘም።

ከምፅዋ እስከ ሰባራ ድልድይ

በእኛ አካባቢ የብረት ገመድ ትልቁ ሥራ ጣሊያኖች በ1937 ያስመረቁት የምፅዋና የአስመራ ቴሌፌሪካ ነበር። 72 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በዘመኑ በዓለም አቻ ያልነበረው ይህ መስመር ዕቃ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ደጋው ያወጣ ነበር። ከጨዋማ ሙቀት እስከ ተራራ ጭጋግ የሚያልፍ ገመድ ለዝገት ጥናት ከዚህ የተሻለ ሜዳ አያገኝም ነበር፤ ግን እንግሊዞች ኤርትራን ሲያስተዳድሩ ነቅለው ስለወሰዱት ስለ ዕድሜ የሚያስተምረን ነገር ሳይተው አለፈ።

ዛሬ ጥያቄው ሕይወት ያለው በእግረኛ ድልድዮች ላይ ነው። በዓባይ ላይ ጎጃምንና ቤጌምድርን የሚያገናኘው፣ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጋር የሚያያዘው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ እንደተባለ ቀረ፤ ሰው በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ በ2002 ክፍተቱን በብረት አስጠገነ። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 በዚያው አካባቢ ከጎርፉ በላይ 100 ሜትር ገደማ የሚረዝም የገመድ ድልድይ ተዘረጋ። ከውኃው ጋር መታገሉ ቀርቶ ከላዩ ማለፉ መፍትሔ ሆነ።

የእነዚህ ድልድዮች ጥበብ በአብዛኛው የመጣው ከኔፓል ነው፤ የስዊዘርላንዱ ሄልቬታስ እዚያ በአሥርት ዓመታት ያዳበረውን ልምድ ወደ አማራ ክልልና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች አምጥቷል። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ማማ ኖሮት ወለሉ ከገመዱ በታች የሚንጠለጠል ነው። ሌላው ማማ የሌለው፣ ገመዶቹ ከዳር እስከ ዳር ረገብ ብለው ወለሉን በላያቸው የሚሸከሙ ነው። የኋለኛው ይረክሳል፤ ከፍ ያለ ዳርቻ ግን ይፈልጋል፤ የኛ ሸለቆዎች ይህን አይነፍጉም።

ክርክሩ ያለው በገመዱ ምንጭ ላይ ነው። አንዳንዶች ከወደብ ክሬኖች የወጣ ያገለገለ ገመድ ይጠቀማሉ፤ ከክሬኑ በደንቡ መሠረት የተጣለ እንጂ ጉልበቱ ያለቀ አይደለም፣ በነፃ ወይም በርካሽ ይገኛል ይላሉ። ሌሎች ዚንክ የተቀባ አዲስ ገመድ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ፤ የአሮጌው ታሪክ አይታወቅም፣ በብዛትም ዚንክ የለበትም። ከላይ ያነሣነው የሚንቀሳቀስና የቆመ ልዩነት እዚህ ይረዳል። ክሬኑ ገመዱን የሚያደክመው በማጣጠፍ ነው፤ ድልድይ ላይ ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ የክሬኑ ድካም የሚፈራውን ያህል አይደለም። የሚጠብቀው በሽታ ሌላ ነው፤ ዝገት። ያገለገለ ገመድ ከተመረጠ ግራሶ የሚቀባው ሰውና የግራሶው በጀት ከገመዱ ጋር አብረው መታቀድ አለባቸው። ይህ ሳይሆን ርካሹ ገመድ ርካሽ አይደለም።

አያያዙን በተመለከተ የእኔ ድምፅ ለክላምፑ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነው። የክላምፑ ኮርቻ የሚያርፈው ሸክሙን በሚይዘው ገመድ ላይ፣ የዩው ብሎን የሚያርፈው በታጠፈው ጭራ ላይ ነው። ተገልብጦ ከታሰረ ብሎኑ የሚሸከመውን ገመድ ይሰረጉደዋል። ለቀጭን ገመድ እንኳ ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋሉ፤ ገመዱ በወፈረ ቁጥር ይበዛሉ፤ በመካከላቸውም የገመዱ ውፍረት ስድስት እጥፍ ያህል ርቀት ይተዋል። ገመድ መጀመሪያ ሲጫንበት ስለሚቀጥን ዳዶዎቹ ጭነቱ ካረፈ በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ፤ ይህ ሁለተኛው ማጥበቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ገመዱ ወደ ኮንክሪቱ የሚገባበት ቦታ ከክረምቱ ደለል መጽዳት አለበት፤ የአንዤ ገመዶች የተበሉት አፈርና ኖራ በሸፈነው ስፍራ ነው። ከክላምፑ እስከ ገመዱ የተሰመረች አንዲት የቀለም መስመር ደግሞ ገመዱ ከተንሸራተተ ትሰበራለች፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያያታል። አሬሲቦ ላይ ያልነበረው መስፈርት እዚህ በአንድ ቃል ያልቃል፤ መስመሯ ከተሰበረች ድልድዩ ይዘጋል።

ያልተፈታው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በኔፓል ለድልድይ ከአካባቢው ሰው ተንከባካቢ መመደብ የተለመደ ሲሆን ከአቅሙ በላይ የሆነውን የሚያስተላልፍበት መሥሪያ ቤት አለው። እኛ ዘንድ ድልድዩን ማኅበረሰቡ ከተረከበ በኋላ መፍቻው በቀበሌ ይቀመጥ ወይስ በወረዳ የመንገድ ባለሙያ እጅ፣ የጎደለ ዳዶ ከየትኛው በጀት ይገዛ፣ መስመሯ በነሐሴ ተሰብራ ድልድዩ ቢዘጋ ማዶ ላለው ሕመምተኛና ተማሪ በስንት ቀን ውስጥ ባለሙያ ይደርስለት፤ ድልድዮቹ ከተሠሩበት ፍጥነት ጋር የሚመጣጠን መልስ ገና አላገኙም።